በጌዴኦ ማሳ ጠርዝ የበቀለው ባለ ሽታ እንግዳ

ክረምቱ አልፎ መስከረም በጠባ ጊዜ ሜዳውና ጋራው ቢጫ ልብስ ይለብሳል፤ ሕፃናትም አበባ ለመልቀም ወደ መስክ ይወጣሉ። እስቲ ከነዚህ ሕፃናት አንዲቱን በሐሳባችን እንከተላት። በዲላ ከተማ ዳር፥ ከመንገዱ አጠገብ ካለ ባዶ ቦታ፥ ከቁመቷ የሚበልጥ ተክል አግኝታ እቅፍ ሙሉ ቈርጣ ወደ ቤት ትመለሳለች። «እማማ፥ አደይ አበባ አመጣሁልዎ» እያለች አያቷን ትጠራለች። አያቲቱ ግን ልጂቱ ደጃፉን ሳታልፍ ሽታው ቀድሞ ደርሷቸው፥ «የለም ልጄ፥ ይህስ አደይ አይደለም። አደይ እንዲህ አይከረፋም። አውጪና ጣዪው፤ እጅሽንም ታጠቢ» ይሏታል። ልጂቱም ቅር ብሏት እቅፉን ወደ ጓሮ ወስዳ ከቡናው ግርጌ ወርውራው ትመለሳለች።

በዚህች ትንሽ ታሪክ ውስጥ ልናስተውለው የሚገባን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው አያቲቱ እውነት መናገራቸው ነው፤ ተክሉ አደይ አይደለም፥ የአገራችንም ተወላጅ አይደለም። ሁለተኛው ግን አያቲቱም ልጂቱም ያላስተዋሉት ነው፤ ይኸውም እቅፉ የተጣለበት ስፍራ ነው። ፍሬው በስሎ እንደ ሆነ፥ የመጪው ዓመት አረም የተዘራው በዚያች ደቂቃ ነው። ስለዚህ ይህ ተክል ምን እንደ ሆነ፥ ከወዴት እንደ መጣ፥ በምን እንደሚታወቅና በየቤታችን ምን ልናደርግበት እንደሚገባ መረዳት ለገበሬው ብቻ ሳይሆን ጓሮ ላለው ቤተሰብ ሁሉ ይጠቅማል።

ዘመዶቹ እነማን ናቸው?

የዕፀዋት ሊቃውንት ይህንን ተክል ታጌቴስ ሚኑታ ብለው ይጠሩታል። የሕዝቡ አጠራር እንደየአገሩ ስለሚለያይ እኛም በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ ታጌቴስ እያልን እንጠራዋለን። ታጌቴስ በየአትክልቱ ስፍራና በየግቢው ለጌጥ ከሚተከለው፥ ብርቱካንማና ቢጫ ወፍራም አበባ ካለው ማሪጎልድ ጋር የአንድ ዘር ልጅ ነው። ልዩነቱ ያኛው በሰው እጅ ተኰትኩቶ የሚያድግ የቤት ተክል ሲሆን ይህኛው ማንም ሳይዘራው የሚበቅል የዱር ማሪጎልድ መሆኑ ነው። በዚህ ዘር ውስጥ 50 ያህል ዓይነት ዕፀዋት አሉ፤ የሁሉም የትውልድ አገር የአሜሪካ ክፍለ ዓለም ነው።

ከዚህ ከፍ ብለን ወገኑን ስንመለከት ደግሞ በዓለም ላይ ካሉት የአበባ ዕፀዋት ወገኖች እጅግ ሰፊ ከሆኑት አንዱን እናገኛለን። በዚህ ወገን ከ20 ሺህ የሚበልጡ ዓይነቶች ይቈጠራሉ። ከእኛው ቤት እንኳ ብንወስድ ዘይት የምናወጣበት ኑግ፥ የጾም ምግብ የምናዘጋጅበት ሱፍ፥ በገበታችን የምናቀርበው ሰላጣ፥ የጠላ ጋን የምናጥብበት ግራዋ፥ በመዓዛቸው የምናውቃቸው አሪቲና ጭቁኝ ሁሉ የዚሁ ወገን ናቸው። አደይ አበባም ከነዚሁ አንዱ ነው። እንግዲያው ልጂቱ ታጌቴስን አደይ መስሏት ማምጣቷ ብዙ የሚያስነቅፋት አይደለም፤ ሁለቱ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸውና።

የዚህን ወገን ዕፀዋት የሚያስተባብራቸው ምልክት አበባቸው ነው። እኛ አንድ አበባ ብለን የምንጠራው በእውነቱ አንድ አይደለም፤ በአንድ ጽዋ ውስጥ ተቃቅፈው የተቀመጡ የብዙ ትናንሽ አበቦች ማኅበር ነው። አደይን ወስደን ብንመረምር፥ በዙሪያው ያሉት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ በመካከሉም እንደ ጥራጥሬ ተጠጋግተው የሚታዩት እንዲሁ እያንዳንዳቸው አበቦች ናቸው። የዳሮቹን የጠርዝ አበቦች፥ የመካከሎቹን ደግሞ የመካከል አበቦች ብንላቸው ለመግባባት ይበቃናል።

በአገራችን ይህንን ሰፊ ወገን መርምረው በመጽሐፍ ካስቀመጡት ሊቃውንት መካከል መስፍን ታደሰ ይገኛሉ። እርሳቸው አደይ አበባ የሚመደብበትን ቢደንስ የተባለውን ዘር በአፍሪካ ደረጃ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትመዋል። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት በተከታታይ ቅጾች ከሚዘረዝረው ታላቅ ሥራ ውስጥም የዚህን ወገን ክፍል አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2004 ለንባብ አብቅተዋል። ታጌቴስን የመሳሰሉት ከውጭ የገቡ አረሞችም በዚህ መዝገብ ውስጥ ከአገሩ ተወላጆች ጋር ስፍራ አግኝተዋል።

መልኩና አካሉ

ታጌቴስ ዕድሜው ከአንድ ዓመት አያልፍም። ዝናብ ሲጥል ይበቅላል፤ ያድጋል፤ ያብባል፤ ፍሬውን ከበተነ በኋላ ይደርቃል። ግንዱ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ነው፤ በደካማ መሬት ላይ ከጉልበት የማይበልጥ ሲሆን፥ ለም አፈርና በቂ እርጥበት ባገኘ ጊዜ ግን እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። በግንዱ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ መስመሮች አሉበት፤ ሲያረጅም ከሥሩ ወደ እንጨትነት ይለወጣል።

ቅጠሉ አንድ ወጥ አይደለም፤ በመካከለኛው ዘንግ ግራና ቀኝ በተሰለፉ ቀጫጭን ቅጠሎች የተከፋፈለ ነው። እነዚህም ትናንሽ ቅጠሎች ከጫፉ ያለችውን ጨምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 17 ይሆናሉ። ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ ነው። በግንዱ የታችኛው ክፍል ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ ወደ ላይ ሲደርሱ ግን እየተፈራረቁ አንድ አንድ ሆነው ይወጣሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው መታወቂያው በቅጠሉ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ናቸው። አንድ ቅጠል ይዘን ወደ ፀሐይ ብርሃን አንሥተን ብንመለከት፥ በመርፌ የተበሳሳ ይመስል ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጥቦች እናያለን። እነዚህ ቀዳዳዎች አይደሉም፤ ሽታ ያለው ዘይት የተጠራቀመባቸው ከረጢቶች ናቸው። ቅጠሉ በእጅ በታሸ ወይም በእግር በተረገጠ ጊዜ ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ፤ ያን ጊዜ ያ የማይረሳ ሽታ ይወጣል። ልጆች ይህን በዓይናቸው አይተው ቢማሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ እጃቸውን በውኃና በሳሙና መታጠብ ይገባቸዋል። ምክንያቱን ወደ ታች እንገልጻለን።

አበባው ከአደይ የሚለየው በዚህ ነው። የአደይ አበባ ሰፊና ብሩህ ነው፤ ከሩቅ ያንጸባርቃል። የታጌቴስ ግን ቀጭን ቱቦ የመሰለ ጽዋ ነው፤ ርዝመቱ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር፥ ወርዱም 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው። ይህም ጽዋ እርስ በርሳቸው ከተጣበቁ ከ3 እስከ 5 ከሚሆኑ አረንጓዴ ሽፋኖች የተሠራ ነው፤ በላዩም ዘይት የያዙ ቡናማ ጭረቶች ይታያሉ። ከጽዋው አፍ ብቅ የሚሉት የጠርዝ አበቦች ብዙውን ጊዜ 3 ብቻ ሲሆኑ፥ ፈዘዝ ያለ ቢጫ መልክ አላቸው፤ በጣም ትንንሽ ስለ ሆኑም ላልተመለከታቸው ሰው የሌሉ ይመስላሉ። በውስጥ ያሉት የመካከል አበቦችም ጥቂት ናቸው። ሆኖም እነዚህ ቀጫጭን ጽዋዎች በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ተጠጋግተው በብዛት ስለሚቆሙ ተክሉ ከላይ ሲታይ ቢጫ ጥላ የዘረጋ ይመስላል።

ፍሬው ጥቁርና ቀጭን ነው፤ ርዝመቱ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በራሱ ላይ ጥቃቅን ሽፋኖች ሲኖሩት፥ ከነርሱ አንዱ ወይም ሁለቱ ረዝመው እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው። በእነዚህ ሹል ጫፎች እየተያያዘ በልብስ፥ በከብት ጠጉርና በከረጢት ላይ ተጣብቆ ይሄዳል። ጨጎጎት በነጠላችን ላይ ተሰክቶ እንደሚከተለን ይህም እንዲሁ ነው።

አሁን አንድ ስሌት እንሥራ። በአንዱ ጽዋ ውስጥ 7 ያህል ፍሬ ቢገኝና በአንድ ያደገ ተክል ላይ 1,000 ጽዋ ቢኖር፥ ከአንዱ ተክል 7,000 ፍሬ ይወድቃል ማለት ነው። ልጂቱ ከቡናው ግርጌ የወረወረችው እቅፍ እንግዲህ በዚህ መጠን የሚገመት ነው።

ስሙና የመጣበት አገር

ለዚህ ተክል የሳይንስ ስም የሰጠው ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔዎስ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1753 ነው። ሚኑታ የሚለው የላቲን ቃል ጥቃቅን ማለት ሲሆን፥ የተነገረውም ስለ አበባው ነው እንጂ ስለ ቁመቱ አይደለም። ታጌቴስ የሚለው ስም ደግሞ በጥንታዊት ኢጣልያ ይኖሩ የነበሩት ኤትሩስካውያን ይተርኩለት ከነበረው ታጌስ ከተባለ ፍጡር ጋር ይያያዛል። በተረታቸው እንደሚባለው ታጌስ ከታረሰ መሬት ትልም ውስጥ በድንገት ብቅ ያለ ነው። ስሙን የሰጡት ሰዎች ይህን አስበውትም ይሁን ሳያስቡት፥ ከታረሰ መሬት ሳይታሰብ ብቅ ለሚል አረም ከዚህ የተሻለ ስም ሊገኝለት አይችልም።

የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በአርጀንቲና፥ በቺሌ፥ በቦሊቪያ፥ በፔሩና በፓራጓይ በተፈጥሮ ይበቅላል። የሚያስደንቀውም ነገር በፔሩና በቦሊቪያ ሰዎች ይህንኑ እኛ ከአፍንጫችን የምናርቀውን ቅጠል ፈጭተው ለወጥና ለድንች ማባያ ማድረጋቸው ነው፤ ዋካታይ ብለውም ይጠሩታል። ለእኛ በሶብላና ጤና አዳም እንደ ሆኑት፥ ለእነርሱ ይህ የማዕድ ቤት ቅመም ነው። እንግዲህ ሽታ እንኳ እንደ አገሩና እንደ ልማዱ ይመዘናል።

ወደ ሌላው ዓለም የተስፋፋው ከሰው ጋር ነው። በደቡብ አፍሪካ ካኪ አረም የሚል ስም አለው። ይህም ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1902 በቆየው የእንግሊዞችና የቦኤሮች ጦርነት ጊዜ፥ ካኪ ልብስ ለለበሱት ለእንግሊዝ ወታደሮች ፈረሶች ከደቡብ አሜሪካ ከመጣው ድርቆሽ ጋር ዘሩ ስለ ገባ ነው ተብሎ ይነገራል። በምሥራቅ አፍሪካም፥ በተለይም በኬንያ ደጋማ እርሻዎች፥ እጅግ ከታወቁት አረሞች አንዱ ሆኗል። በአገራችንም በወይና ደጋው በመንገድ ዳር፥ በተተወ እርሻ፥ ቤት በፈረሰበት ቦታና በማሳ ጠርዝ ይታያል። በእነዚህ ስፍራዎች ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አለ፤ የሰው እጅ አፈሩን የነካበት፥ ፀሐይም በነፃ የምታገኘው መሬት መሆኑ ነው።

ሽታው ምን ይሠራለታል?

ሽታው ተክሉ ከጠላት የሚጠበቅበት ጋሻ ነው። ብዙ ነፍሳት ይሸሹታል፤ ከብትም ሌላ ሣር ካገኘ አይደፍረውም። ስለዚህም በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ሰዎች ዝንብና ትንኝ ለማባረር በቤታቸው ይሰቅሉታል። ዘይቱም በእንፋሎት ተጣርቶ ሽቶ ለሚሠሩ ሰዎች ይሸጣል፤ በደቡብ አፍሪካና በሕንድ ለዚሁ ሲባል ይለማል።

ጋሻው ከመሬት በታችም አለ። በሥሩ ውስጥ ቲዮፌን የተባሉ ውሁዶች አሉ፤ እነዚህም የቲማቲምንና የሌሎችን አትክልቶች ሥር እየወጉ የሚያሳብጡትን፥ በዓይን የማይታዩ ክር መሳይ ትሎች ይጎዳሉ። ማሪጎልድን አስቀድሞ በመሬቱ ላይ ዘርቶ ከወራት በኋላ ማጥፋትና ከዚያ አትክልት መትከል በልዩ ልዩ አገሮች የተሞከረ የእርሻ ዘዴ የሆነው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ጥቂት እግር በአትክልቱ መካከል መተው ብቻ ይህንን ጥቅም አያስገኝም፤ ትሎቹም ሁሉ በእኩል አይጎዱም። ለዚህ ሥራ ደግሞ በቤት የሚተከለው ማሪጎልድ ሲኖር፥ የዱሩን ዘር በማሳ ላይ መበተን ያለ አስፈላጊነት ዕዳ መግዛት ነው። ይኸው ጋሻ በጎረቤቱ ላይም ይመዘዛልና፤ ከታጌቴስ የሚወጡት ነገሮች የአንዳንድ ሰብሎችን አበቃቀልና አስተዳደግ እንደሚያውኩ በምርመራ ታይቷል።

እጅ መታጠብ ያስፈልጋል ያልነውም ከዚሁ የተነሣ ነው። በታጌቴስ ዘይት ውስጥ ያሉት አንዳንድ ነገሮች ቆዳን ነክተው የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍባቸው ቆዳውን ያቃጥላሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ ይህ ዘይት በቆዳ ላይ በሚቀሩ ቅባቶች ውስጥ የሚገባበትን መጠን እጅግ ዝቅ አድርጎ ወስኗል፤ ፀሐይን ለመከላከል በሚቀቡት ቅባት ውስጥ ደግሞ ጨርሶ እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ ትንኝ ያባርራል በማለት የተጨቀጨቀ ቅጠል በሕፃን ገላ ላይ መቀባት ተገቢ አይደለም።

የጌዴኦ ጥላ

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከዲላ ተነሥቶ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወጣ መንገደኛ በግራና በቀኙ የሚያየው ነገር ከሌላው አገር እርሻ የተለየ ነው። የተከፈተ ማሳ ጥቂት ነው። ከላይ ዋንዛ፥ ቢርቢራና ሰሳ የመሳሰሉት ትላልቅ ዛፎች ጥላቸውን ይዘረጋሉ፤ ከነርሱ በታች እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ይከፍታል፤ ከእንሰቱ ሥር ቡናው ይቆማል፤ ከቡናውም በታች ልዩ ልዩ አትክልት ይገኛል። አንዱ ጓሮ አራት ፎቅ ያለው ቤት ይመስላል። በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ አፋፍ ላይ ባለው በዚህ ተዳፋት አገር፥ በሕዝብ ብዛት ከተጨናነቁት የገጠር አካባቢዎቻችን በአንዱ፥ ምድሪቱ ሳትራቆት ልጆቿን የመገበችው በዚህ ዘዴ ነው። የዓለም መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅትም የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር ከጥንታውያን የድንጋይ ሐውልቶቹና ከተከበሩት ደኖቹ ጋር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ይህ ሁሉ ከአንድ አረም ጋር ምን ያገናኘዋል ይባል ይሆናል። የሚያገናኘው ጥላው ነው። የታጌቴስ ዘር ብርሃን ሲያገኝ በብዛት ይበቅላል፤ ችግኙም ፀሐይ ወዳድ ነው። በዛፍ፥ በእንሰትና በቡና ተደራርቦ በተሸፈነ፥ የወደቀ ቅጠል እንደ ምንጣፍ በተነጠፈበት መሬት ላይ ለዚህ እንግዳ የሚሆን ሥፍራ ጥቂት ነው። ዛፉ ተቈርጦ፥ እንሰቱ ተነቅሎ፥ መሬቱ ለአንድ ዓይነት ሰብል ብቻ በተከፈተ ጊዜ ግን በሩ ተከፈተለት ማለት ነው። ስለዚህ ታጌቴስ በጌዴኦ ምድር ላይ ሲበዛ ብናይ፥ መሬቱ ጥላውን እያጣ መሆኑን የሚነግረን ምልክት አድርገን ልንወስደው ይገባናል። አረሙን ነቅሎ ጥላውን አለመመለስ ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ውስጥ ውኃ ሲቀዱ እንደ መዋል ያለ ሥራ ነው።

የጌዴኦ ገበሬ ስለ አረም ያለው አመለካከትም ሊጤን ይገባል። ታደሰ ክፔ የተባሉት ምሁር ስለ ጌዴኦ የመሬት አያያዝ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 በሆላንድ አገር በቫኽኒንኸን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቅርበዋል። በጌዴኦ ጓሮ ከቡናና ከእንሰት ሥር የሚወጣው አረም እንደ ጠላት ተለቅሞ አይቃጠልም፤ ተቈርጦ በዚያው በመሬቱ ላይ ይነጠፍና በስብሶ አፈሩን ይመግባል። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው፤ ለታጌቴስም ይሠራል። ነገር ግን ጊዜውን መጠበቅ ያስፈልጋል። አበባ ሳያወጣ የተቈረጠ ታጌቴስ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ፍሬ ከያዘ በኋላ ተቈርጦ የተነጠፈ ታጌቴስ ግን ዘር መዝራት ነው። በማዳበሪያና በአረም መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

በየቤቱ ሊደረግ የሚገባው

እንግዲህ እስካሁን ከተነገረው ተነሥተን ቤተሰብ ሁሉ ሊፈጽመው የሚችለውን ጥቂት ምክር እናቅርብ።

በመጀመሪያ፥ ተክሉን ገና በልጅነቱ ማወቅና መንቀል ይገባል። ከአፈር በወጣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የተከፋፈለው ቅጠሉና ሽታው ይለዩታል፤ መሬቱ እርጥብ ሲሆንም በእጅ ስበው ቢያወጡት ከነሥሩ ይወጣል። የሚነቅሉትም ሰዎች እጃቸውን በጓንት ወይም በጨርቅ ቢሸፍኑ፥ ከሥራውም በኋላ ቢታጠቡ መልካም ነው። በጌዴኦ የበልጉም የክረምቱም ዝናብ ስለሚዘንብ አንድ ጊዜ ማረም አይበቃም፤ ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ የማሳውን ጠርዝና የአጥሩን ግርጌ መጎብኘት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፥ ፍሬ የያዘውን ተክል ቀስ ብሎ በመቈረጥ ፍሬው ሳይበተን በከረጢት ሰብስቦ ማቃጠል ይገባል። በጥራጊ ክምር ላይ፥ በወንዝ ዳር ወይም በመንገድ ላይ መጣል ለጎረቤት አረም መላክ ነው። ለዘር የሚሆን ጤፍ፥ በቆሎና ባቄላም በወንፊት ሊበጠርና ሊለቀም ይገባዋል። ከእርሻ ሲመለሱ ልብስን፥ ከረጢትንና የከብቱን ጀርባ መመልከት ትንሽ ድካም ነው፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

ሦስተኛ፥ ላም ያላት እመቤት የምትታለበውን ላም ይህ አረም በበዛበት ስፍራ እንዳትሰማራ ትጠንቀቅ። ሣር ጠፍቶ ላሚቱ ከበላችው ሽታው ወደ ወተቱ ሊተላለፍ ይችላል። ቡና የሚያደርቅ ቤተሰብም አልጋውን ይህ አረም ከበዛበት ቦታ ያርቅ፤ ቡናውንም በዚህ ቅጠል አይሸፍን። ቡና ሲደርቅ በአጠገቡ ያለውን ጠረን የሚስብ ነገር ነውና። የይርጋ ጨፌ ቡና በዓለም ገበያ ስሙ የተጠራው በመዓዛው ነው፤ እንዲህ ያለውን መዓዛ ለባዕድ ሽታ ማጋለጥ አይገባም።

አራተኛ፥ ስለ ጤና ነው። ዲላና በዙሪያዋ ያለው ቆላማ አገር የወባ አደጋ ያለበት ነው። የታጌቴስ ሽታ ትንኝን ሊያሸሽ ቢችልም ከወባ የሚያድን መከላከያ አይደለም። በመስኮት ላይ የተሰቀለ ቅጠል በመድኃኒት የተነከረውን አጎበር አይተካም፤ ትኩሳት የያዘውም ሰው ደሙን ወደሚመረምርለት ጤና ጣቢያ ሳይዘገይ መሄድ አለበት። ቅጠሉን አፍልቶ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ሴቶች ማጠጣትም ከሐኪም ምክር ውጭ የሚደረግ አይደለም። በፔሩ ቅመም ነው መባሉን ሰምቶ በዚህ መድፈር አያሻም፤ በማዕድ ላይ ለማጣፈጫ በጥቂቱ የሚጨመር ነገር መድኃኒት ነው ተብሎ በኩባያ ሲጠጣ ሌላ ነገር ይሆናል።

አምስተኛ፥ ታጌቴስን ከቅንጬ አረም መለየት ይገባል። ቅንጬ አረምም ከአሜሪካ የመጣ፥ የዚሁ ሰፊ ወገን አባል የሆነ እንግዳ ነው፤ አበባው ግን ነጭና እንደ ቅንጬ ጥቃቅን ነው። እርሱ የብዙ ሰዎችን ቆዳና አተነፋፈስ የሚያውክ፥ የግጦሽ ሜዳንም ፈጥኖ የሚወርስ በመሆኑ ከታጌቴስ ይልቅ አስጊ ነው። በአካባቢው የታየ እንደ ሆነ ለግብርና ባለሙያ ፈጥኖ መንገር ይገባል።

ወደ ልጂቱ እንመለስ

አሁን ወደዚያች ልጅ እንመለስና ታሪኩን አስተካክለን እንጨርሰው። አያቲቱ «ይህ አደይ አይደለም» ካሉ በኋላ ነገሩን በዚያ አይተዉትም። ልጂቱን አጠገባቸው ያስቀምጡና ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሥተው የዘይቱን ነጠብጣብ ያሳዩአታል። ቀጭኑን ጽዋ ከፍተው በውስጡ ያሉትን አበቦች ያስቈጥሩአታል። ከዚያም እቅፉ ወደ ቡናው ግርጌ ሳይሆን ወደ ምድጃው ይገባል፤ ልጂቱም እጇን ትታጠባለች። በማግስቱ አያትና የልጅ ልጅ ሆነው አደይን ራሱን ፍለጋ ይወጣሉ፤ ባገኙትም ጊዜ አንዱን ከነሥሩ ሳይነቅሉ፥ ለዘር የሚሆነውን ትተው፥ ለቤት የሚበቃውን ያህል ብቻ ይቈርጣሉ።

በጌዴኦ ምድር ብዙ ነገር ከውጭ መጥቶ ተቀብሎታል። በቆሎ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ስኳር ድንቹም፥ አቮካዶውም እንዲሁ። ገበሬው እያንዳንዱን መርምሮ የሚጠቅመውን በጥላው ሥር አስቀመጠው፤ ቤተኛም አደረገው። ታጌቴስም ከዚያው ክፍለ ዓለም መጣ፤ ነገር ግን ማንም ሳይጋብዘው፥ ማንም ሳይመረምረው በጠርዙ ላይ ቆመ። ከእንግዲህ መልኩን አውቀነዋል። የሚቀረው በየዓመቱ ዝናብ ሲጥል፥ አበባው ሳይወጣ፥ እስከ ጓሯችን ጠርዝ ድረስ ወጥቶ መመልከት ብቻ ነው።